ከተለጣፊው ሥር

የመድኃኒት አስመጪውን የፕሬበን ሉንደን ሬሳ ያገኘችው ማለዳ ቀድማ የምትገባው የማሸጊያ ክፍሉ ኃላፊ ናት። መብራቱን ስታበራ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው እሱ ላይ አልነበረም፤ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት የመድኃኒት ፓኮዎች ላይ ነበር።

«ማነው ጠረጴዛዬን የነካው ብዬ ተናደድኩ» አለችን። «ከዚያ እግሩን አየሁት።»

እኔና ቦዲል ስንደርስ ዝናቡ ያካፋ ነበር። የዴንማርኳ ፍሬደሪሲያ ላይ በኅዳር ዝናብ መዝነቡን የሚያወራ ሰው የለም። ቦዲል ራውንሆልት በፖሊስ ምርመራ ክፍሉ አለቃዬ ናት፤ በዕድሜ ግን እበልጣታለሁ። እሷ «ሽማግሌው» ትለኛለች፤ እኔ ሌላ ሰው በሌለበት «ልጅት» እላታለሁ። በሥራ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንቆይ ከዚህ የከፋ ስድብ ተለዋውጠን አናውቅም።

ፕሬበን ዕቃ ከሚራገፍበት ከፍ ያለ መድረክ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። የመድረኩ የብረት ጠርዝ ደም ነክቶታል። ሐኪሟ ተንበርክካ ስትመረምር ቆይታ ቀና አለች።

«ሰው ገፍቶታል። ደረቱ ላይ የመዳፍ ምልክት አለ። ሲወድቅ ብረቱ ማጅራቱን መታው።»

«ወዲያው ነው የሞተው?» አለች ቦዲል።

«አይደለም። አንድ ሰዓት ያህል ተንፍሷል፤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። አምቡላንስ የጠራለት ሰው ቢኖር ዛሬ ሆስፒታል ተኝቶ ታነጋግሩት ነበር።»

ቦዲል ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ፓኮዎቹ በረድፍ በረድፍ ቆመዋል። ሁሉም ላይ የነበረው የዴንማርክኛ ተለጣፊ ወረቀት ተልጦ ተነስቷል፤ ከሥሩ የግሪክ ፊደል ፈጦ ይታያል። የተላጡት ተለጣፊዎች ለሁለት ለሁለት እየተጣጠፉ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገብተዋል። ቦዲል መደርደሪያ ላይ ካለ ያልተነካ ፓኮ አንዱን አንስታ በጥፍሯ ሞከረችው። ወረቀቱ ከመሀል ተቀደደባት።

«ቀስ ካላልክ አይላጥም» አለችኝ። «ይሄ ሰው አልቸኮለም።»

«ፕሬበን እዚያ ጋ እያጣጣረ?»

«ፕሬበን እዚያ ጋ እያጣጣረ።»

* * *

የፕሬበን እህት ሜሬተ የድርጅቱ ግማሽ ባለቤት ናት። ፎቅ ላይ ባለው ቢሮ አገኘናት። ቡናዋን በሁለት እጇ ይዛ አትጠጣውም። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተለበጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ተሰቅሏል፤ ሌላው ሰው የልጆቹን ፎቶ በሚሰቅልበት ቦታ።

«ሌባ እያሉት ነው የኖረው» አለች። «እንዲያውም ሌባ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጠሉት።»

«ሥራችሁን ንገሪኝ» አለች ቦዲል፣ «ምንም እንደማያውቅ ሰው አድርገሽ።»

«ሎርቬታን የሚባል የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለ። የሚሠራው ቫልሜር የሚባለው ኩባንያ ነው። ግሪክ ውስጥ መንግሥት ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ተምኖበታል፤ እዚህ በውድ ይሸጣል። ያው ክኒን ነው፣ ያው ፋብሪካ። እኛ ከግሪክ ጅምላ አከፋፋዮች እንገዛለን፣ የዴንማርክኛ ተለጣፊ እንለጥፋለን፣ መመሪያውን ቀይረን እናሽጋለን፣ ከቫልሜር አሳንሰን ለመድኃኒት ቤት እንሰጣለን።»

«ቫልሜር ዝም አላችሁ?»

«ዝም? ፈጠራው የኔ፣ የንግድ ምልክቱ የኔ፣ ፓኮዬን ማን ንኩ አላችሁ ብሎ ከሰሰን። ለዓመታት ተጓተተ። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ፣ አውሮፓ ገበያ ላይ አንዴ የሸጥከው ዕቃ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚሄድ ማዘዝ አትችልም አለው።» በአገጯ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። «ፕሬበን የዚያን ቀን ሰክሮ አለቀሰ።»

«አንቺ ድርጅቱ ይሸጥ ስትዪ ነበር አሉ።»

«ብያለሁ። ቫልሜር ራሱ ሊገዛን ጠይቆ ነበር። ደክሞኛል፤ ከእንግዲህ ከጠበቃ ጋር ማርጀት አልፈልግም አልኩት። እሱ ደግሞ እኔ ሳልሞት አይሸጥም...» ዓረፍተ ነገሩ አፏ ላይ ቀረ።

ቦዲል ጊዜ ሰጠቻትና «ትናንት ማታ የት ነበርሽ?» አለቻት።

«ቤተ ክርስቲያን፣ የመዘምራን ልምምድ።»

አጣራን። አንድ ቄስና ክፍል ሙሉ ሴቶች መሰከሩላት። ከመካከላቸው አንዷ፣ ሜሬተ ያን ማታ ዜማ ስታበላሽ እንዳመሸች ጨምራ ነገረችን። ይህን ያህል ጥሩ ምስክር አጋጥሞኝ አያውቅም።

* * *

ስለ ቫልሜር ስንጠይቅ ሁሉም አንድ ስም ጠሩልን፤ ፍሌሚንግ ኦልሪክ፣ የኩባንያው ጠበቃ። የፕሬበንን ፓኮዎች ከመድኃኒት ቤት እያስገዛ፣ ተለጣፊውን እያስላጠ፣ ከሥሩ ያለውን ቁጥር እያየ የትኛው ግሪካዊ አከፋፋይ እንደሸጠለት የሚከታተል እሱ ነው። በአንድ ስብሰባ ላይ በሰው ፊት «አንተን የሚያቆምህ ሕግ ካልተገኘ ሌላ ነገር ይገኛል» ብሎታል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ከመጋዘኑ አጠገብ ያለው የጎማ መሸጫ ካሜራ መኪናውን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሲያልፍ ቀርጾታል።

ኮፐንሃገን ድረስ ሄደን ቢሮው አገኘነው። ጥርት ያለ፣ ሽቶው ቀድሞት የሚመጣ ሰው ነው።

«ያን ማታ ቤቴ ነበርኩ። ከባለቤቴ ጋር ዓሣ በላን፤ ተኛን።»

«ምን ዓሣ?» አለችው ቦዲል።

«ይቅርታ?»

«ዓሣው ምን ዓይነት ነበር?»

«እ... ኮድ።»

ከቢሮው ወጥተን መኪና ውስጥ ሳንገባ ቦዲል ለሚስትየዋ ደወለች። ያን ማታ ምን በላችሁ አለቻት። «እኔ እህቴ ጋ ኦርሁስ ነበርኩ» አለች ሴትዮዋ በጨዋነት። «ፍሌሚንግ ምን እንደበላ እሱን ብትጠይቁት ይሻላል።»

ተመልሰን ገባን። በዚህኛው ዙር ፍሌሚንግ ራሱ ጠበቃ አስጠራ። ጠበቃና ጠበቃ ለብቻቸው ረጅም ጊዜ ተንሾካሾኩ። ሲመለሱ የፍሌሚንግ ፊት ላይ ወዝ አልነበረም።

«መጋዘኑን በመኪና አይቼ ካለፍኩ በኋላ፣ እዚያው አጠገባችሁ ሚደልፋርት አንድ የገጠር ሆቴል ነበርኩ። ከሁለት የግሪክ አከፋፋዮች ጋር። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን። ሆቴሉን ጠይቁ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»

ጠበቃው ክርኑን ነካው። ፍሌሚንግ ግን አንዴ ጀምሯል። «ስለ መጠን ነበር የተነጋገርነው። ለእያንዳንዱ የግሪክ ከተማ ምን ያህል ሎርቬታን እንደሚላክ። ልክ የሚበቃቸውን ያህል ብቻ፤ ወደ ሰሜን አውሮፓ የሚተርፍ እንዳይኖር።»

«እነሱስ ምን ቃል ገቡ?»

ፍሌሚንግ ጠበቃውን አየ።

«ለፕሬበን ላለመሸጥ» አለች ቦዲል። «እንዲህ ያለ ስምምነት በንግድ ውድድር ሕግ ክልክል ነው፤ አይደለም እንዴ?»

«ደንበኛዬ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገረም» አለ ጠበቃው።

ሆቴሉ የተባለውን አረጋገጠ። አስተናጋጇ ሦስቱን በደንብ ታስታውሳቸዋለች፤ ግሪኮቹ ምግቡን ነቅፈውባታል። ፍሌሚንግ ፕሬበንን አልገደለም። በመልስ መንገድ ወደ ፍሬደሪሲያ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ስንደርስ ቦዲል፣ «ነፍሰ ገዳይ ቢባል ይሻለው ነበር እኮ» አለች።

«ቅጣቱን አስልቶት ነዋ። ስምምነቱ ኩባንያውን ያስከፍላል፤ ግድያው እሱን ብቻ ነው።»

አልሳቀችም። የሰማነውን ለሚመለከተው የውድድር መሥሪያ ቤት ጽፈን ላክን። «ደርሶናል» አሉን።

* * *

ከዚያ በኋላ ምርመራው ቆመ። ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠየቅን፤ የጭነት ሾፌሮቹን ጠየቅን፤ ሁሉም የነበረበትን አስረዳ። ቦዲል የጠረጴዛውን ፎቶዎች ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ለጥፋ ከረሜላ እየመጠጠች ታፈጥባቸዋለች።

ነገሩ የተፈታው የደም ግፊት ክኒኔ ስላለቀ ነው። ከሥራ ስወጣ እዚያው መንገድ ላይ ያለው መድኃኒት ቤት ገባሁ። ፋርማሲስቷ አዲስ የመጣ ዕቃ እየደረደረች ነበርና «አንዴ ጠብቀኝ» አለችኝ። ቆሜ ሳያት የቆዩትን ፓኮዎች ወደ ፊት ትስባለች፤ አዲሶቹን ከኋላ ትሰካለች፤ ስማቸውን ወደ ሰው ታዞራለች።

«ለምንድን ነው እንዲህ የምታደርጊው?»

«ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ እንዲሸጥ። ዓይኔን ብታስሪኝ እጄ ራሱ እንዲህ ነው የሚደረድረው» ብላ ክኒኔን ሰጠችኝ። «የለመድከው አይደለም፤ ከውጭ የገባ ነው፤ ይረክሳል። ውስጡ ያው ነው።»

ከበሩ ወጥቼ ዝናቡ ላይ ቆሜ ለቦዲል ደወልኩ። «ልጅት፣ ፎቶዎቹ ላይ የማብቂያ ጊዜያቸው ይነበባል?»

«ይነበባል። ምን ሆነሃል?»

«ከፊት ያሉትንና ከኋላ ያሉትን አስተያያቸው።»

ወደ ግድግዳው ስትሄድ ኮቴዋ ይሰማኛል። «ቀድመው የሚያልፉት ከፊት ናቸው» አለች። «በሦስቱም ረድፍ፤ የግሪክኛው ስምም ወደ ሰው ዞሯል። ሠራተኞቹ ደግሞ የሚደረድሩት በመጡበት ጭነት ነው፤ ራሳቸው ነግረውናል።» ቀጥላ «መድኃኒት ቤት ያለው ሰው ነው» አለች። «ግሪክኛ የሚያነብ።»

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ የራሴን ፓኮ አየሁት። ተለጣፊው ላይ ያሸገው ድርጅት ስም አለ። ጠርዙን በጥፍሬ ነካሁት። የማላውቀው ቋንቋ ከሥሩ ብቅ አለ። ለየትኛው አገር ሰው ተሠርቶ እንደነበር ለማሰብ ሞከርኩና ተውኩት። የዕለቱን ክኒን ግን ዋጥኩ፤ ምን ላድርግ።

* * *

ከተማችን ትንሽ ናት፤ በኅዳር ደግሞ እንግዳ የሚባል የለም። ወደብ አጠገብ ያለችው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ጥያቄያችንን እንኳ አላስጨረሰችንም።

«ግሪካዊው ሽማግሌ? ላይ ነው። ሊሄድ ነበር፤ ከዚያ ቀኑን አራዘመ። የሚመጡ ሰዎች አሉ እያለ ይጠብቃል። ጨዋ ሰው ነው፤ አልጋውን ራሱ ያነጥፋል።»

ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስሙ ስታማቲስ ካራፒስ ይባላል፤ ካቫላ አቅራቢያ ባለች ትንሽ ከተማ መድኃኒት ቤት አለው። መታወቂያችንን ስናሳየው ሊያነበው አልሞከረም።

«ዘገያችሁ» አለ በእንግሊዝኛ። «ግቡ፣ ልጆቼ።»

አስተርጓሚ እስኪመጣ እንዲቆይ ብንነግረው በእጁ ከለከለን። ለዚህ የሚሆን እንግሊዝኛ አያንሰኝም አለ።

«ዴስፒና የጎረቤቴ ልጅ ናት። አባቷ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ መድኃኒቷን ከኔ እጅ ነው የምትወስደው። በዚህ በጋ ሎርቬታን ጠፋ። አከፋፋዩን ስጠይቀው ፋብሪካው አልላከም ይለኛል። ነገ ነይ አልኳት። ሌላ ጊዜም ስትመጣ ነገ ነይ አልኳት። በሌላ መድኃኒት ለወጥንላት፤ አልያዘላትም። ገላዋን ስትታጠብ ጣላት።» የካፖርቱን ቁልፍ ነካካ። «ለእናቷ የነገርኳት እኔ ነኝ። አባቷ መናገር አልቻለም።»

ቦዲል ወንበሩን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ከቀብሩ በኋላ አንዲት የእናንተ አገር ቱሪስት መጣች። ባዶ ፓኮ አሳየችኝና ይሄ አለዎት ወይ አለችኝ። ተለጣፊው ጠርዙ ተነስቶ ነበር። ሳብ አደረግሁት። ከሥሩ የኛ ፊደል። ለኛ ሰው የተሠራ ፓኮ። ከላይ ግን ‹ያሸገው ፕሬበን ሉንደ፣ ፍሬደሪሲያ› ይላል።»

«ሊገድሉት ነው የመጡት?»

«አይደለም። ይወቅ ብዬ ነው። በቃ፣ ይወቅ። ሠራተኞቹ ከወጡ በኋላ አንኳኳሁ፤ ከፈተልኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ቡና ቀዳልኝ። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። አዝናለሁ አለኝ፤ እውነቱን ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ግን ያልተፈቀደ ነገር አልሠራሁም አለኝ፤ ፍርድ ቤት ድረስ ሄጄ የተፈረደልኝ ነኝ አለኝ። እሺ ብዬ ተነሳሁ። እስከ በሩ ሊሸኘኝ በመድረኩ በኩል ስናልፍ ከመደርደሪያው አንድ ፓኮ አነሳና እጄ ላይ አደረገልኝ። በነጻ ነው፣ ለሌላ ሕመምተኛ ይሁንዎት አለኝ።»

ስታማቲስ መዳፉን ዘርግቶ አየው።

«እሱን ባይሰጠኝ እሄድ ነበር። ገፋሁት።»

«ከወደቀ በኋላ ይተነፍስ ነበር» አለች ቦዲል ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አውቃለሁ።»

«ስልክ ነበረዎት።»

«ነበረኝ። ትንፋሹን እየሰማሁ ነበር፤ እየሳሳ ሲሄድም አውቄዋለሁ፤ ሙያዬ ነው።» የተዘረጋውን መዳፉን ጨበጠ። «ያን ስም ከመድኃኒታችን ላይ እያነሳሁ ነበር። እጄ ሥራ ይዞ ነበር፣ ልጄ። ሳልጨርስ መነሳት አልፈለግሁም።»

* * *

ለኛ ጉዳዩ አልቋል። ቦዲል ግን በማግስቱ ሳትነግረኝ ወደ ኮፐንሃገን ልትነሳ ስትል ደረስኩባትና መኪናው ውስጥ ገባሁ። ፍሌሚንግ ኦልሪክ አላስገባችሁም አላለም፤ አሁን በግድያው አይጠረጠርም።

«ካቫላ አካባቢ በበጋው ምን ያህል ላካችሁ?»

«ለአካባቢው የሚበቃ። ካለፈው ዓመት ፍጆታ ተሰልቶ።»

«አልበቃም እኮ። ልጅ ሞታለች።»

«የቀነስነው ወደ ውጭ የሚወጣውን ነው።»

«ፋብሪካ ውስጥ እያለ የትኛው ፓኮ ወደ ውጭ እንደሚወጣ በምን ታወቀ?»

ፍሌሚንግ መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ፊቱ የደከመ ሰው ፊት ነው። «እሱን ልመልስልሽ አልችልም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ሎርቬታንን ለመሥራት አንድ ትውልድ የኬሚስት ዕድሜ አልቆበታል። መብታችን ባይከበር፣ ማንም እየገዛ ርካሽ ከሆነበት ውድ ወደሆነበት ቢያዘዋውረው፣ የሚቀጥለውን መድኃኒት ማን ይሠራዋል? ያቺ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሕይወት የቆየችው በማን ሥራ ነው?»

ቦዲል ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። እኔም ተከተልኳት። ወደ ፍሬደሪሲያ ነዳን።

ከገና በፊት ሜሬተ ድርጅቱን ለቫልሜር ሸጠች። መጋዘኑ ተዘጋ፤ ሠራተኞቹ ተበተኑ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ሎርቬታን ከእንግዲህ ርካሹ እንደማይመጣ ነገረችኝ። ከውድድር መሥሪያ ቤቱ የሰማነው ያው፣ ጉዳዩ እየታየ ነው የሚል ነው።

ስታማቲስ ወደ ሌላ እስር ቤት በሚዛወርበት ጠዋት እኔና ቦዲል የሰጠውን ቃል ልናስፈርመው ወረድን። ፈረመ። ከዚያ ብዕሩን ሳይመልስ ቦዲልን አያት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሱ ባይገዛው ኖሮ ለኛ ይደርሰን ነበር?»

እኔ ብሆን እዋሽለት ነበር። ቦዲል መዋሸት አትችልበትም።

«እርግጠኛ አይደለሁም። አይመስለኝም። ፋብሪካው ራሱ ሆን ብሎ ቀንሶ ነው የላከው፤ ለፕሬበን እንዳይተርፍ ብሎ። ፕሬበንም ከዚያች ከተቀነሰችው ላይ ገዝቷል፤ እሱ ቢተወው እንኳ የምትበቃችሁ አይመስለኝም።»

«የቀነሰው ማን ነው?»

«ኩባንያው።»

«ሰውዬውን ነው የጠየቅኩሽ። ስሙን።»

ቦዲል ወደኔ ዞር አለች። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ስም የለውም» አለችው። «ብዙ ናቸው። ተሰብስበው ነው የሚወስኑት።»

«ፓኮው ላይ የሱ ስም ብቻ ነው የነበረው።»

«ግዴታው ስለሆነ ነው። ፓኮ ከፍቶ መልሶ ያሸገ ሰው ስሙን መጻፍ አለበት። ቫልሜር በዚያ ክርክር የተረታው በሁሉም ነገር አልነበረም፤ ይህን አስፈርዷል።»

ስታማቲስ ብዕሩን መለሰላት። ጠባቂው በሩ ላይ ሰዓቱን አየ።

«ልጆች ነበሩት?» አለ በመጨረሻ።

«የሉትም። እህት ብቻ ናት ያለችው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ሽማግሌው፤ ያለውን ነገር ራሱ ሲሰማው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ጠባቂው መጥቶ ክንዱን እስኪይዘው ድረስ ወደኛ አልዞረም።